አራቱም ይመጣሉ

ሐሙስ ጥር 18 ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 ላይ፣ ወልቂጤ ውስጥ የእናታችን ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ። አቤት ያለ የለም።

በዚያው ሰዓት እናታችን ከጉንችሬ ወጣ ብሎ ባለው ቤቷ ደጃፍ፣ ታጥባና ንጹሕ ልብሷን ለብሳ፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። አራት ልጆች አሏት። አራቱም እንደሚመጡ በጽሑፍ አረጋግጠዋል። በጽሑፍ ካረጋገጡት አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ያጣራሁት በኋላ ነው። ቀድሞ ማጣራት ነበረብህ የሚል አንባቢ ካለ ልክ ነው፤ ሆኖም ወረፋ ይያዝ፣ ከፊቱ እኅቴ አለች።

ነገሩ የጀመረው በመስቀል ነው። ጉራጌ የትም ይዋል የት፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል። የእኛ ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ ደመራ አናበራም፤ ክትፎውን ግን እስካሁን ማንም አላወገዘብንም። እሱን በልተን እንደ ጨረስን እናታችን ወደ ጓዳው ጥግ ጠቆመች። እዚያ የተደረደረው ስኳር አንድ ሻይ ቤት ያስከፍታል። ነሐሴ ላይ በአንድ እሑድ ሦስታችን ሳንነጋገር ተገጣጥመን፣ ሦስታችንም ስኳር ይዘን መጥተን ነበር። ከዚያ እሑድ በኋላ እስከ መስቀል ድረስ አንድም ሰው ደጇን አልረገጠም።

«ስትመጡም እንደ ዝናብ፣ ስትቀሩም እንደ ዝናብ» አለች እናታችን።

ይህን ጊዜ የመጨረሻው ወንድማችን ናቲ ስልኩን አወጣ። ናቲ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ሥራው ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ምን እንደሚሠራ ለእናታችን ለማስረዳት ያደረገው ጥረት እስካሁን አልተሳካም።

«አንድ ካላንደር በኢንተርኔት እንክፈትና አራታችንም እንካፈለው» አለ። «ማን መቼ እንደሚመጣ ሁሉም በየስልኩ ያያል።»

«አንድ ለአምስት ልታደራጀን ነው?» አለ ታላቃችን ዘርጋ። ወልቂጤ ውስጥ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። «እሱንማ ቀበሌው አደራጅቶኛል።»

«ጋሼ፣ እኛ አምስት አይደለንም፤ አራት ነን።»

«እንግዲያው ኮታ አልሞላህም።»

ቡታጅራ የምታስተምረው እኅታችን ታደለች የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ካርድ ይበላል?»

እኔ ግን ደስ አለኝ። ወልቂጤ ለሚሠራ እንደ እኔ ላለ ጋዜጠኛ፣ ቀንና ሰዓት ያለው፣ ማን ምን እንዳለ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት ቤተሰብ ሕልም ነው። አራት ቀለም ተከፋፈልን፤ ለእኔ ሰማያዊ ደረሰኝ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ስለሆነ፣ አንዱን ወደ ሌላው የሚመልስ ሠንጠረዥ በእጄ አዘጋጀሁ። ሰዓቱንም «ስድስት ደምሩ» ብዬ ከግርጌ ጻፍኩበት። ጳጉሜን የት ልክተታት ብዬ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቻለሁ። ዘርጋ የእሱን ቅጂ ከብረት መቁረጫው በላይ ለጠፈው። ስለዚህ ይህን ወግ «አሃ፣ ሰዓቱ ተምታታባቸው» ብሎ ለመዝጋት የቸኮለ ሰው ይቆይ። ሰዓቱም ቀኑም ልክ ነበር። በካላንደሩ ላይ ልክ ያልነበረው እኛ ብቻ ነን።

የመጀመሪያው ችግር ተካፈሉ ስንባል ሁሉንም መካፈላችን ነው። ዘርጋ የደንበኞቹን ትእዛዝ እዚያው ላይ መጻፍ ጀመረ። ታደለች ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት አንገቷን እንደ ደፋች ስልኳ ይጮህና «የሐጂ በር፣ ቀለም ሁለተኛ ዙር» ይላታል። እሷም በበኩሏ ሳምንታዊ ጾሟን መዘገበች፤ እኛ ሦስት ወንዶች ዘወትር ረቡዕ ምሳችንን ስንጎርስ የጾም ማስታወሻ ይደርሰናል። እኔ አንድ ቀን «ሱሪ ማስፋት» ብዬ ጽፌ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዘርጋ ደወለ።

«ስንት ቁጥር ደረስክ?» አለኝ። ሰላምታ እንኳ የለም።

የናቲ የባሰ ነበር። «ምሳ፣ ከሄለን ጋር» ብሎ ጻፈ። በዚያው ምሽት ታደለች ሄለን የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደምታመልክና ወጥ ትችል እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ለሦስታችንም ላከች። ናቲ ሄለን የቢሮ ባልደረባው እንደሆነች አስረዳ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት «ስብሰባ» ተብሎ ተመዘገበ። ታደለች ይህንንም መዝግባ ይዛለች።

ይህ ሁሉ ሣቅ ነበር። ሣቁን ያስቆመው አንድ ቁልፍ ነው።

ካላንደሩ ላይ አንዱ ቀጠሮ ሲያስገባ የተቀሩት ሰዎች መልስ ይጠየቃሉ። መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፦ እመጣለሁ፣ አልመጣም፣ ምናልባት። ይህን ነገር የሠራው ሰው እኛ ቤት አላደገም። በእኛ ቤት ለእናት፣ ለታላቅ፣ ለለቅሶ፣ ለድግስ «አልመጣም» የሚባል መልስ የለም። ነውር ነው። «እሺ» ይባላል። ከዚያ ይቀራል። ከቀሩ በኋላ ዋዜማውን ስለታመመ ልጅ ወይም ስለጠፋ መኪና ይወራል፤ ጠሪውም አምኖ ሳይሆን አክብሮ ይቀበላል። ይህ ውሸት ተደርጎ አይቆጠርም። ደግሞም ይሠራ ነበር፣ ምክንያቱም የሚጠራው ሰው በድምፅ ነበር የሚጠራው። እናታችን ስልክ ደውላ «እሺ» ስትባል፣ የእሺውን ርዝመት ሰምታ ወዲያው ለሌላው ልጅ ትደውላለች። ዘርጋ ጎትቶ «እሺ» ካላት በር ሊያስረክብ ነው ማለት ነው። ስልኩ ግን የእሺን ርዝመት አይለካም። አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል፣ አለቀ።

ኅዳር ላይ ለእናታችን ጣራ ማደሻ አራታችንም «እመጣለሁ» አልን። የመጣችው ታደለች ብቻ ናት፤ ከዘርጋም ከእኔም ይልቅ ሩቅ ያለችው ማለት ነው። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ወንድ ጠፍቶ ከጎረቤት ለምና አስጠገነች። ከዚያ ለሦስት ሳምንት አላናገረችንም። ካናገረችን በኋላ ደግሞ በጣም አናገረችን።

ናቲ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ «ምናልባት» ነበር የሚለው። ከአራታችን እውነተኛው ሰው እሱ ነበር። ኅዳር ካለፈ በኋላ ዘርጋ ያዘው።

«እናትህን ነው ምናልባት የምትላት?» አለው። «ስትወልድህ ምናልባት ብላ ነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናቲም አረንጓዴ ሆነ።

አሁን ወደ ዓይኗ ልምጣ። የእናታችን ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙ ሞራ ወጥቶበት፣ ዓምና ፊታችንን ታይ የነበረችው ዘንድሮ የምትለየን በድምፃችን ነው። የልጅ ልጆቿን የምትቆጥረው ራስ ራሳቸውን እየዳበሰች ሆኗል። ጥር ላይ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለሦስት ቀን ወልቂጤ እንደሚመጡ ሰማሁ፤ ሄጄ ስሟን አስመዘገብኩ። ሐሙስ፣ 2 ሰዓት ከ30 ተባለች። ከጉንችሬ የጠዋቱ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ስለሚረፍድ፣ ረቡዕ ከሰዓት መጥታ ዘርጋ ቤት ማደር ነበረባት። የሚያመጣት አንድ ሰው ያስፈልጋል። አንድ።

ካላንደሩ ላይ «ረቡዕ ከሰዓት፣ አዶትን ከጉንችሬ ማምጣት» ብዬ አስገባሁ። አዶት የምንላት እናታችንን ነው፤ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አራት አረንጓዴ ተሰለፈ። ቢሮ ውስጥ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። «ቤተሰብ ሲደራጅ እንዲህ ነው» አልኳቸው። ከመካከላቸው የተጠራጠረ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ዛሬ አመሰግነው ነበር።

ሰኞ ናቲ ለእናታችን ደውሎ «አዶት፣ አራታችንም እንመጣለን» አላት። ከዚያ ወዲያ እስከ ሐሙስ ድረስ አንድም ሰው አልደወለላትም። ከካላንደሩ በፊት በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንደውል ነበር። አሁን ምን ብለን እንደውላለን? ሁሉም ነገር ተጽፏል።

ረቡዕ ከሰዓት የሆነውን ከእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጠይቄ እንደሚከተለው አረጋግጫለሁ። ዘርጋ ለአንድ ትምህርት ቤት መስኮት የሚያስረክብበት ቀን ነበር፤ ስልኩን ሲያይ ሦስት ሰው እየሄደ ነው፤ «ለአንዲት ሴትዮ ሦስት ሰው ይበዛል» ብሎ ወደ ብየዳው ተመለሰ። ታደለች የመንፈቅ ዓመት ፈተና ልትፈትን ነበር፤ ወልቂጤ ሁለት ወንድሞች እያሉ ከቡታጅራ መነሣት የሞኝ ሥራ መስሎ ታያት፤ ጣራውንም አልረሳችውም። «ታዲያ ለምን እመጣለሁ አልሽ?» አልኳት። «በጽሑፍ እናቴ ጋ አልመጣም ልበል? ነገ የሚያነበው ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ናቲ አዲስ አበባ ሆኖ የዘርጋ ቤት ከጉንችሬ ያለውን ርቀት አሰበ፤ የራሱንም አሰበ፤ ቀረ።

እኔ ከወልቂጤ ብዙም የማትርቀው ጉብሬ ነበርኩ። የለውጥ ሠራዊት ግንባታ የሚባል የሦስት ቀን ሥልጠና እየዘገብኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኬን አየሁ፤ አራት አረንጓዴ። ጥዬ ብወጣ የሚቆጣኝ አልነበረም፤ የሥልጠናውን ዜና ሥልጠናው ሳይጀመር ጽፌ ጨርሼዋለሁ። አልወጣሁም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። የእኛ ድር አብሮ ያሰረው እናታችንን ነው።

አምስተኛ ሰው ነበር። ሸምሱ ይባላል፤ ከጉንችሬ ወልቂጤ ሚኒባስ የሚነዳ የእናታችን ጎረቤት ነው። ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ ሊወጣ ሲል ደጃፏ ለብሳ ቆማ አገኛት።

«እማማ፣ ወልቂጤ ከሆኑ ይግቡ፤ ጋቢናው ባዶ ነው» አላት።

«ኧረ ተባረክ ልጄ። ልጆቼ ሊወስዱኝ እየመጡ ነው።»

«ደውዬ እዚያ ይጠብቁዎት ልበላቸው?»

«አይ፣ አራቱም ናቸው የሚመጡት። ያን ያህል መንገድ መጥተው ቤቱን ባዶ ቢያገኙት ምን ይላሉ?»

ሸምሱ ሄደ። እናታችን ጎረቤቷን አስጠርታ ቆጮውን አስጋገረች፤ አይብና ጎመን አሠራች። ለአምስት ሰው። እስኪመሽ ጠበቀች። ለምን እንዳልደወለች ጠይቄያታለሁ።

«መንገድ ላይ ላለ ሰው ይደወላል እንዴ?» ነው ያለችኝ።

ሐሙስ 2 ሰዓት ላይ የካላንደሩ ማስታወሻ በአራት ስልክ እኩል ጮኸ። ለመመስከር ያህል፣ መሣሪያው አንድም ሰከንድ አልዘገየም። 3 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው እኔ ጋ ተደወለ።

«የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ነህ?» አለች ነርሷ። «እናትህን ሦስት ጊዜ ጠርተን አጣናቸው።»

«እዚያው ናቸው። ከወንድሜ ጋር ናቸው» አልኩ። ይህም ሳይበቃኝ «በደንብ ይፈልጓቸው» ብዬ ጨመርኩ።

ከዚያ ለዘርጋ ደወልኩ። ብረት ሲቆረጥ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አዶት የት ናት?»

«ካንተ ጋር ናታ!»

«እኔ ጉብሬ ነኝ።»

«ጉብሬ ይዘሃት ሄድክ?» አለና ማሽኑን አጠፋ። ማሽኑ ጸጥ ሲል ነው የገባው።

ታደለች በሹክሹክታ ነው ያነሣችው። «ፈተና ላይ ነኝ። ገባች?»

«አልገባችም።»

«ወረፋ በዛ?»

«እትዬ፣ ማን ነው ያመጣት?»

 «ሁለት ወንዶች እዚያው ተቀምጣችሁ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለች፤ በሹክሹክታ አልነበረም።

ናቲ የመጨረሻው ነበር። «እንዴ ብሮ! ሦስታችሁም አረንጓዴ እኮ ናችሁ!»

ዘርጋ በአሮጌ ፒካፑ ጉብሬ መጥቶ አነሣኝ። የትምህርት ቤቱን መስኮቶች ለማውረድ ጊዜ ስላልነበረ፣ ጭነን ነው ጉንችሬ የሄድነው። በየኮረኮንቹ አሥራ ስድስት መስኮት ከኋላችን ያጨበጭባል። 

5 ሰዓት ከ10 ላይ ደረስን። ከአግዳሚው አልተነሣችም።

«ማነው?»

«እኔና ዘርጋ ነን፣ አዶት።»

«እሰይ። ደህና ገባችሁ?» አለች፤ ከዚያም ፊቷን ከኛ አሳልፋ ወደ መኪናው አቅጣጫ መለሰች። «ሌሎቹ አይወርዱም?»

ቆጮው አልተነካም ነበር። መንገድ ላይ በልታችሁ ሂዱ ብላ ካልቋጠርኩ አለች፤ ቋጠረች።

ወልቂጤ ስንመለስ 7 ሰዓት አልፏል፤ የዕለቱ ዝርዝር ተዘግቷል። ነርሷ አልተቆጣችም። ነገ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ፣ ከተመዘገቡት የቀረ ሰው ካለ እንደሚተኳት ነገረችን። ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አዶት፣ ዘርጋና እኔ ተደርድረን የሚቀር ሰው ጠበቅን። ሰው እንዲቀር መመኘት ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያወቅሁት። የቀረ የለም። አንድ ሽማግሌ መንገዱን በበትራቸው እየዳበሱ ብቻቸውን መጡ። ካላንደር የላቸውም።

10 ሰዓት ላይ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጫኑ። አንደኛው የእናታችንን ዓይን በባትሪ አየና፣ ሞራው እየጠነከረ ከሄደ ሥራው እንደሚከብድ፣ ብዙ ባትቆይ እንደሚሻል ተናገረ። መቼ እንደሚመለሱ አያውቅም።

ቅዳሜ ዘርጋ ቤት ግምገማ ተቀመጥን። ስብሰባ አላልኩም፤ ግምገማ ነው። ሂስና ግለ ሂስ ነበረበት፤ ሂሱ በዛ፣ ግለ ሂሱ አነሰ። ታደለች ጣራውን አነሣች። ዘርጋ፣ ናቲ ምናልባት ማለቱን ባይተው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ።

«ያስተውከኝ አንተ!» አለ ናቲ።

«ምናልባት ማለቱን ተው አልኩህ እንጂ እንድትቀር ነገርኩህ?»

እኔ ከመነሻው አጠቃቀሙ በግልጽ ተብራርቶ እንደነበር አስታወስኩ። ይህን ስናገር ታደለች ያየችኝን አስተያየት አልገልጸውም። ናቲ «ኃላፊ» የሚል መሙያ ልጨምርበት ሲል፣ ታደለች ቀለም እንቀይር ስትል፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው እናታችን አፏን ከፈተች።

«ስልካችሁማ በሰዓቱ ደርሷል አሉ» አለች። «እናንተን ነው ያጣሁት።»

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ላይ አለ። ሐኪሞቹ እንደ ገና ሲመጡ ምን እንደሚደረግ አምስት ውሳኔ ተላልፏል። ወሬያቸውን ማን ይከታተላል የሚለው አልተጻፈም።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ 8 ሰዓት ገደማ ታደለች ደወለች።

«አዶት እዚህ ናት።»

«የት?»

«ቡታጅራ። ዓይኗ ታሽጓል። ከኔ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም» አለች። የነገራት አባቱን ለማሳከም እዚያው የነበረ የሥራ ባልደረባዋ ነው።

በዚያ ዕለት ካላንደሩ ላይ የነበረው የዘርጋ ሁለት የብረት በር ብቻ ነው። ዘርጋና እኔ 11 ሰዓት አካባቢ ደረስን። እናታችን አልጋ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትበላለች፤ ሸምሱ ይልጥላታል። ሐኪሞቹ ቡታጅራ እንደሚገቡ የሰማው ከሹፌሮች ነው። እሑድ ሄዶ አስመዘገባት፤ ማክሰኞ የመናኸሪያ ተራውን ለሌላ ሰው ለቅቆ በንጋት አመጣት። ለእኛ ያልደወለው እሷ አትደውል ስላለችው መሆኑን ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ከብርቱካኑ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

ነርሷን ቅጹን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። አንድ ገጽ ነው። ቀዶ ሕክምናው 4 ሰዓት ከ20 ላይ ተጀምሮ 4 ሰዓት ከ45 ላይ አልቋል። የአስታማሚ ስም በሚለው መስመር ላይ «ሸምሱ» ተብሎ ተጽፏል። ዝምድና በሚለው ላይ «ልጅ» ይላል። ያጻፈችው እናታችን መሆኗን ነርሷ አረጋግጣልኛለች።